የመንዝን ፕሮፋይል ለመጽሔት እያዘጋጀን ነው፤ ምን ይግባ፣ ምን ይታረም?

ፀደይ አራት ኪሎ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ያሉ የመንዝ ተወላጆች በሚያሳትሙት መጽሔት ላይ ስለ አገሩ ስምንት ገጽ ተሰጥቶናል፤ መልክዓ ምድሩ፣ ታሪኩ፣ ኑሮውና ከተሞቹ። ጽሑፉ የሚሰናዳው እዚሁ አራት ኪሎ ነው። ወደ መንዝ መውጣት የሚቻለው አንድ ጊዜ፣ ለአምስት ቀን ብቻ ስለሆነ እዚህ ሆኖ የሚያልቀውን ጨርሶ፣ እዚያ ብቻ የሚገኘውን ለይቶ መሄድ የግድ ነው።

እስካሁን ያለው መግቢያ እንዲህ ይላል፦ «መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው መሐል ሜዳ ነው። ሕዝቡ በእርሻና በከብት እርባታ ይተዳደራል። ጓሳ የሚባል ብሔራዊ ፓርክም ይገኝበታል።»

ደረቅ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ስሕተትም ሳይኖርበት አይቀርም። የ1987ቱና የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ቁጥሮች ደግሞ አልገጥም ብለዋል፤ በአንዱ መዝገብ ያለው ወረዳ በሌላው የለም። አገሩን የምታውቁ ሰዎች፣ እባካችሁ ሳትራሩ አርሙልን።

እንግጫ፦

ፀደይ፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንጀምር። መንዝ ወረዳ አይደለም፤ አገር ነው። ድሮ በሦስት ተከፍሎ ይጠራ ነበር፦ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር። ዛሬ ስሙን የያዙ ወረዳዎች አራት ናቸው። የመንዝ ማማ ምድር ከተማ ሞላሌ ነው፤ የመንዝ ላሎ ምድር ወገሬ፣ የመንዝ ጌራ ምድር መሐል ሜዳ፣ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ደግሞ ዘመሮ። መሐል ሜዳ ትልቁና የታወቀው ይሁን እንጂ የጌራ ምድር ዋና ከተማ ነው፤ የሌሎቹ አይደለም። የሞላሌ ሰው «የመንዝ ዋና ከተማ መሐል ሜዳ ነው» የሚለውን ካነበበ ወደ ሁለተኛው ገጽ አያልፍልሽም፤ እውነትም አለው።

ቁጥሮቹ እምቢ ያሉሽም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1987ቱ ቆጠራ ማማና ላሎ እንደ አንድ ወረዳ፣ ጌራና ቀያ ገብርኤልም እንደ አንድ ወረዳ ነው የተመዘገቡት። በ1999 አራቱም ለየብቻ ወጡ። የ1987ቱን «ማማ ምድርና ላሎ» ከ1999ኙ «ማማ ምድር» ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጪ ሕዝቡ ተሰዶ ያለቀ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የ1999ኙን ማማና ላሎ ደምሪ፣ ጌራንና ቀያንም ደምሪ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከ1987ቱ ጋር አነጻጽሪ። ወረዳዎቹን ለየብቻ ማሳየት ከፈለግሽ የ1999ኙን ቁጥር ብቻውን አቅርቢ።

የዕድገት መጠን የምታሰሊ ከሆነ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ቆጠራ ጥቅምት 1987 ነበር፤ ሁለተኛው ግንቦት 1999። በመካከላቸው ያለው 12 ዓመት ከ7 ወር ተኩል ያህል ነው። የፈረንጁን 1994 ከ2007 ቀንሰው 13 የሚሉ አሉ፤ የኛን ቀንሰው 12 የሚሉም አሉ። ሁለቱም ያዛባል። ከተማና ገጠሩንም ለይተሽ ጻፊ፤ «የወረዳው ሕዝብ» ሲባል ከተማው ገብቶ እንደሆነ ወይም ወጥቶ እንደሆነ ካልተነገረ ቁጥሩ ለማንም አይጠቅምም።

ወሰኑን በወረዳ ስም ሳይሆን በውሃ ብትናገሪው አንባቢ ይይዘዋል። በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጭኔ፣ በምሥራቅ ደግሞ የተራራው ሰንሰለት፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ ቆላው ቁልቁል ይሄዳል። በሦስት ወገን ሸለቆ፣ በአንድ ወገን ገደል፤ መንዝ ማለት በነዚህ መካከል የቀረ አምባ ነው።

ካርታ እዚሁ አዲስ አበባ ይጨረስ። የ1፡50,000 ካርታ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቅጠል በኬክሮስም በኬንትሮስም 15 ደቂቃ ብቻ ስለሚሸፍን መንዝ በአንድ ቅጠል አይገባም፤ ቅጠሎቹን ከመግዛትሽ በፊት ማውጫው ላይ ወንዞቹን ተከተይና የትኞቹን እንደሚነኩ ቁጠሪ። የከፍታ መስመሮቹ ልዩነት 20 ሜትር ነው፤ ከአንዱ ደማቅ መስመር እስከ ቀጣዩ ደማቅ መስመር 100 ሜትር ይሆናል። ካርታው ላይ በላቲን ፊደል የተጻፉ የቦታ ስሞችን ግን እንዳሉ ወደ አማርኛ እንዳትመልሻቸው። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ይምታታሉ። ስሙን የአገሩ ሰው ጠርቶት ይጻፍ።

ሌላም ላክል፦ ከመንዝ በስተሰሜን ያለው ግሼ ራቤል ነው። ወሎ ያለው የመስቀሉ ደብር ግሸን ነው። በየጽሑፉ ይቀላቀላሉ።

ሰነፍ ቆሎ፦

«በእርሻና በከብት እርባታ ይተዳደራል» የሚለው ለአርሲም ለጎጃምም ይሆናል። የመንዝ ነገር የሚጀምረው ከከፍታው ነው። አምባው 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ነው፤ መሐል ሜዳ ራሱ 3,100 ሜትር አካባቢ ነው። አራት ኪሎ 2,400ን ትንሽ ያልፋል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብለሽ ብታሰይው መሐል ሜዳ ከአራት ኪሎ በ4 ዲግሪ ይበርዳል ማለት ነው። ለአዲስ አበባ አንባቢ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም፤ ብርዱን ያውቀዋልና።

በዚህ ከፍታ ላይ ጤፍ አይሆንም። ጤፍና ማሽላ ያሉት ወደ አዳባይ፣ ወደ ወንጪትና ወደ ቀጭኔ በሚወርደው ቆላ ነው። አምባው ላይ ንጉሡ ገብስ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ምስር። ገብሱ እንጀራም፣ ቂጣም፣ በሶም፣ ቆሎም፣ ጠላም ይሆናል። ለቆሎ የሚመረጠው ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ዘር ነው፤ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ለፈትጊዋ አይከብድም። አንድን እህል «ገብስ» ብለሽ ብቻ እንዳታልፊው፤ የዘሮቹን ስም ከነአገልግሎታቸው ጠይቂና መዝግቢ። እዚያ ሄዶ ካልሆነ የማይገኝ መረጃ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መንዝ ሁለት ወቅት ያርሳል፦ በልግና መኸር። የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ይጠበቃል። ይህ ዝናብ ሲዘገይ የሚመጣው ጣጣ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዘግይቶ የተዘራ የበልግ ገብስ አጨዳው ከሐምሌ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ነዶው ሳይደርቅ ይዘንብበታል፣ ክምሩ ውስጥ ይበቅላል ወይም ይሻግታል። ሁለተኛ፣ መሬቱ ለመኸር ሳይለቀቅ ይቆያል። ስለዚህ «በልግ አለ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «በልግ በጊዜው ከመጣ» መባል አለበት።

የመኸሩ ጠላት ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ጸጥ ባለ ሌሊት ይወርዳል። ደመና ካለ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል፤ ጥርት ካለ ይለቀዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ዝቅ ያለው ሜዳ ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው በአንድ ቀበሌ ውስጥ የሜዳው ባቄላ ጠቁሮ ሲያድር ተዳፋቱ ላይ ያለው የሚተርፈው። ውርጩ እህሉን አበባ ላይ ወይም ፍሬው ገና ወተት ሳለ ካገኘው ቁመናው ይቀራል እንጂ ፍሬ የለውም። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ማሳው ደኅና ይመስላል፤ ዛላውን በጣት ጨፍልቆ ማየት ያስፈልጋል። አምስቱ ቀናችሁ በኅዳር ከዋለ ይህን በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

ያው ሜዳ በክረምት ሌላ ችግር አለበት፤ ጥቁሩ መረሬ ውሃ ያቁራል። ገበሬው ተዳፋቱን ሲያርስ አፈሩ ይታጠብበታል፣ ሜዳውን ሲያርስ ውሃና ውርጭ ይጠብቁታል። ፕሮፋይሉ ውስጥ «የአፈር መሸርሸር ችግር አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሚገባ ይህ ምርጫ ቢገለጽ ይሻላል፤ ሰው ተዳፋት የሚያርሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም።

ማገዶም ይነሳ። ከባሕር ዛፍ በቀር እንጨት ጥቂት ነው፤ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። ኩበቱ ወደ ምድጃ ሲሄድ ማሳው ፍግ ያጣል።

ስለ መለኪያ፦ ገበሬ መሬቱን በጥማድ ይነግርሻል። 4 ጥማድ ወደ 1 ሄክታር ይጠጋል፤ ነገር ግን ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ በጥቁር አፈርና በቀላል አፈር አይተካከልም። «ስንት ጥማድ?» ካልሽ በኋላ «ስንት ቁና ዘር ይወስዳል?» ብለሽ አረጋግጪ። ቁናም ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ አንዱን ቁና በሚዛን አስመዝኝና ኪሎውን ያዢ።

ኮርማ፦

ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ በጉን ግን ከእርሻው በኋላ እንዳትጽፉት። በልግ ሲቀርና ውርጭ ሲመታ ቤተሰቡን የሚያቆየው በጉ ነው። ለመንዝ ሰው በግ የቁጠባ ሣጥን ነው፤ ማዳበሪያውም፣ የልጁ ደብተርም፣ የሐዘን ወጪውም ከዚያ ይወጣል።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው። የጎለመሰች እናት በግ ከ30 ኪሎ እምብዛም አታልፍም። ላቱ አጭርና ሰባ ያለ፣ ጸጉሩ ሻካራና ረጅም፣ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቡኒ ነው። «ዝርያው ደካማ ስለሆነ ይሻሻል» የሚል ሐሳብ በየሪፖርቱ ይገኛል፤ እንዳለ እንዳትገለብጡት። ይህ በግ በብርድ፣ በጥቂት ሳርና በገለባ የሚኖር፣ በዚያ ላይ ወልዶ የሚያሳድግ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከውጭ ከመጣው የአዋሲ በግ ጋር የተዳቀለው ይገዝፋል፤ ግን ለግዝፈቱ መኖ ይጠይቃል። መኖ በሌለበት ጓሮ ያ ጥቅም ወደ ጉዳት ይለወጣል።

እውነተኛው ችግር የት እንዳለ ልንገራችሁ። ቶሎ ያደገው ጠቦት ገና በዓመቱ ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ ይወጣል፤ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ። መንጋው ውስጥ የሚቀረው ያላደገው ነው፤ የሚያስረግዘውም እሱ ይሆናል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም መንጋው እያደር ያንሳል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ በመንዝ የተጀመረው የማኅበረሰብ የበግ ማሻሻያ ሥራ ይህንኑ ለመገልበጥ ነው፦ ጠቦቶቹ ይመዘናሉ፣ ከገበያ በፊት ምርጦቹ ይለያሉ፣ ከዚያ አውራዎቹን ገበሬዎቹ በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። ከውጭ ደም ሳይመጣ፣ ከራሱ ከመንዝ በግ ውስጥ መምረጥ ነው። ለዚህ አንድ ሙሉ ገጽ ይገባዋል ባይ ነኝ።

በሽታ ላይ ሁለቱን ብቻ አንሡ፦ የሳንባ ትልና የጉበት ትል። የጉበት ትሉ ረግረግ ዳር ካለች ቀንድ አውጣ ጋር የተያያዘ ነው። በበጋ ሳር የሚገኘው ረግረጉ ዳር ብቻ ስለሆነ በጉ ትሉን የሚያገኘው ሲርበው ነው። መንጋጋው ሥር ውሃ ቋጥሮ ያበጠ በግ ካያችሁ ፎቶ አንሡና ምክንያቱን ጻፉ።

ከጸጉሩ የሚሠራው ደግሞ የመንዝ ፊርማ ነው። ጸጉሩ ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎ ይፈለቀቃል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። ቀለም አይነከርም፤ ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ቡኒው ከቡኒ በግ ነው። ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ የተለያዩ ናቸውና ስማቸውን አታደባልቁ።

ገደል አፋፍ፦

ጓሳ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ይህ ቃል መታረም አለበት፤ የነገሩ ሁሉ ክብር ያለው እዚያ ላይ ነውና። ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው፤ መንግሥት ከልሎ ሕዝቡን ያስወጣበት ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ ከልሎ ራሱ የጠበቀው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር።

ስሙ የሳሩ ስም ነው። ጓሳ ሳር ጨብጥ ጨብጥ ሆኖ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ጠንካራና ቀጭን ሳር ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለእረኛ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል፣ መጥረጊያም ይሆናል። ከሱ ጋር አስታና ጅብራ የተባሉ የደጋ ዕፅዋት አሉ።

ጠባቂው ሥርዓት ቄሮ ይባላል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአቅኚዎቹ፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ የያዙት የአስቦና የጌራ ዘሮች ጓሳን ለሁለት ተካፍለው በየበኩላቸው አለቃ እየመረጡ ያስጠብቁት ነበር። ቦታው ከ3 እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሳሩ ሲደርስ አለቃው የመክፈቻውን ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ያስነግራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በበጋው ጫፍ፣ የካቲትና መጋቢት አካባቢ ነው። የሚዘጋው ደግሞ ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ቀን ነው። የቀኑ አመራረጥ ራሱ ጥበብ ነው፦ ክረምቱ ሲጀምር፣ አዲሱ ሳር ሊያቆጠቁጥ ሲል እግርና ማጭድ ይወጣለታል።

ሥርዓቱ የቆመው በርስት ላይ ነበር፤ መብት ያለው የአቅኚው ዘር ብቻ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ መሠረት ወደቀ፣ ቄሮም አብሮ ወደቀ። ቀድሞ ድርሻ ያልነበረው ሰውም መብት አገኘ፤ ይህ ፍትሕ ነው። ነገር ግን የሚዘጋው አካል ስለጠፋ ሳሩ ተመናመነ። በኋላ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ፣ በቀበሌዎች ኮሚቴ መልሶ አቋቋመው። በጽሑፉ ውስጥ ሁለቱንም አስገቡ፦ የድሮውን ብቻ ካወደሳችሁ ርስት ያልነበረውን ሰው ትረሳላችሁ፤ የ1967ቱን ብቻ ካነሣችሁ ሳሩን ትረሳላችሁ።

ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በፎቶ ብቻ እንዳይቀሩ። ቀይ ቀበሮው የሚኖረው በጓሳው ሥር ባሉት አይጦችና ፍልፈሎች ነው፤ ሳሩ ከተላጨ አይጡ መደበቂያ ያጣል፣ ቀበሮውም ምግቡን። ጭላዳው ደግሞ ሳር በል ነው። ውሃውም እንዲሁ፤ ጨብጡ ዝናቡንና ጉሙን ይዞ ቀስ እያደረገ ይለቀዋል። ከዚያ የሚነሡት ጅረቶች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው አባይ ይገባል፣ ወደ ምሥራቅ የወረደው አዋሽ።

እንግጫ፦

ገደል አፋፍ፣ «ከ3 እስከ 5 ዓመት» ያልከው ላይ ትንሽ ላቃና። ቁርጥ ያለ የዓመት ቁጥር አልነበረም፤ የሚወስነው የሳሩ መድረስ ነው። ድርቅ ሲሆን ቀድሞ ይከፈታል። ፀደይ «በየ5 ዓመቱ ይከፈት ነበር» ብላ እንዳትጽፈው ነው።

ፀደይ አራት ኪሎ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መግቢያው በሙሉ ተሰርዟል፤ የቆጠራው ሰንጠረዥም ተደምሮ ገጠመ። ታሪኩ ላይ ግን ገና ነን። አንዱ ጽሑፍ የሸዋ ነገሥታት ከመንዝ ወጡ ይላል፣ ሌላው ከአንኮበር ይላል። ሰላ ድንጋይንም መንዝ ውስጥ የሚያስገባ አለ። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚሄደውስ መንገድ የት ላይ ይገነጠላል?

ወመዘክር ጥግ፦

ሁለቱም ጽሑፎች ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ስለተለያየ ዘመን ነው። የሸዋ ነገሥታት ቤት መሥራች ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከጌራ፣ ከአጋንቻ ተነሣ። ጎንደር ድረስ ሄዶ በዐፄ ኢያሱ ዘንድ ከታወቀ በኋላ እዚያው በፈንጣጣ ሞተ። ከሱ በኋላ ሰባስቴ፣ አብዬ፣ አምሐ ኢየሱስ እያሉ መጡ፤ አንኮበርን ከተማ ያደረገው አምሐ ኢየሱስ ነው። ከዚያ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ። ነጋሲን አንድ ብሎ ለሚቆጥር ምኒልክ ዘጠነኛው ነው። ስለዚህ ቤቱ ከመንዝ በቀለ፣ አንኮበር ላይ ጸና፣ እንጦጦ ወጥቶ አዲስ አበባ ወረደ። ቁልቁል ከደጋው ወደ ደቡብ የተጓዘበትን መስመር በካርታ ብታሳዩት ከሁለት አንቀጽ ይበልጣል።

ሰላ ድንጋይ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረች፤ ከዚያ ሆነው መንዝን ያስተዳድሩ ነበር። ዛሬ ግን ቦታዋ በሞጃና ወደራ ወረዳ ነው፤ ከአራቱ መንዞች አንዱም ውስጥ የለችም። በታሪክ ምዕራፍ ትግባ፣ በከተሞች ዝርዝር አትግባ።

ርስትን ያለ አቅኚ አባት አትጻፉት። አቅኚ አባት ማለት መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ነው፤ ሰው ርስት የሚጠይቀው ከሱ መወለዱን በአባትም በእናትም በኩል ቆጥሮ ነው። በእናት በኩል መቆጠሩ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ሰው በብዙ ቦታ ጠያቂ ይሆናል፣ ሴትም ወራሽ ናት። ትርፉ የማያልቅ ሙግት ነበር። የመንዝ ሰው የትውልድ ሐረጉን እንደ ዳዊት የሚያነበንበው ለኩራት ብቻ አይደለም፤ ማስረጃው ስለነበረ ነው።

አንድ ነገር እንዳይቀር እለምናችኋለሁ፦ ዘረት። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በዘረት፣ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞች ከነሚስትና ልጆቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጃቸው። የሟቾቹ ቁጥር ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፤ ብዙ መቶዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12ን ሁሉም ያውቃል፣ ሐውልቱም ስድስት ኪሎ ቆሟል። ዘረትን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቢያንስ ግማሽ ገጽ ስጡት፤ አጠገቡም ማስታወቂያ አታስቀምጡ።

ላምበረት፦

መንገዱ ቀላል ነው። አውቶቡሱ ከላምበረት መናኸሪያ ይነሣል። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጣርማበር። ጣርማበር ላይ ዋናው የደሴ መንገድ ጣልያን የቆፈረው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። እናንተ አትወርዱም፤ ከዋሻው በፊት ወደ ግራ ትገነጠላላችሁ፤ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ። ልዩነቱን አስተውሉት፦ ዋናው መንገድ መንዝን ጠርዙ ላይ ነክቶ ያልፈዋል። የከተሞቹ መጠንና የሸቀጥ ዋጋ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ከተሞቹን ስትጽፉ የባንክና የጤና ጣቢያ ቁጥር ከመደርደር ይልቅ የእያንዳንዱን የገበያ ቀን ሰብስቡ። ቀኖቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው በጉ ከትንሹ ገበያ ወደ ትልቁ የሚሄድበት መንገድ ይታያችኋል፤ ነጋዴው በአንዱ ገዝቶ በሌላው ለመሸጥ የሚበቃው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነም ይገባችኋል። ዋጋ ስትጠይቁ ጠዋትም ከሰዓትም ጠይቁ፤ ሩቅ ቀበሌ የሚመለስ ሻጭ ከሰዓት በኋላ ዋጋ ይሰብራል። በዓል ሳምንት የሰበሰባችሁትን ዋጋ «የመንዝ የበግ ዋጋ» ብላችሁ አታትሙ።

ለአምስቱ ቀን፦ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መንገድ ላይ ያልቃሉ። የቀሩት ሦስት ናቸው። አንዱን ለገበያ፣ አንዱን ለጓሳ፣ አንዱን ለአንድ ቀበሌ ማሳና ሽማግሌ። አራቱንም ከተማ ለማዳረስ አትሞክሩ፤ መኪና ውስጥ ታድራላችሁ። ወገሬንና ዘመሮን በስልክ ጠይቃችሁ ሙሉ። ጓሳ ላይ ከረፋዱ በኋላ ጉም ሊወጣ ስለሚችል ከንጋት ጀምራችሁ ተገኙ፤ ጭላዳውም ከገደሉ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቀው ያኔ ነው። ከአራት ኪሎ ይዛችሁት የምትወጡት ጃኬት አይበቃም።

ፀደይ አራት ኪሎ፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ለሽፋኑ አንድ ፎቶ ተገኝቷል፦ ሽማግሌ ጥቁር የሱፍ ልብስ ደርበው ቆመዋል። ልብሱ ከአንድ ትከሻቸው ላይ ሾጠጥ ያለ ነገር አለው። ከሥሩ «ባና የለበሱ አባት» ተብሎ ተጽፏል። ልክ ነው?

ኮርማ፦

አይደለም፣ በርኖስ ነው። ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብላ የወጣችው ምልክቱ ናት፤ ተሰፍቶ የሚለበስ ካባ ነው። ባና ሳይሰፋ የሚደረብ፣ ሌሊትም የሚለበስ ነው። ዝተት ከባናው ይወፍራል፣ ይከብዳል፤ መኝታ ላይ ነው የምታገኙት። ፎቶው ላይ ጫፉ የሚታይ ከሆነ አጉልታችሁ እዩት፤ ክሩ ወጣ ገባ ካለ በእንዝርት የተፈተለ ነው፣ እኩል ከሆነ የፋብሪካ ሱፍ ነው። የእጅ ከሆነ ከሥሩ «የእጅ ፈትል በርኖስ» ብላችሁ ጻፉት፤ የቀበሌውንም ስም ጨምሩ።